ጋሽ አንዴ እና የጎኑ በር

ባሌን በሰፈራችን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ጋሽ አንዴ ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው እየሮጠ ከመጣ፣ ባሌ ቀኝ እጁን ወደ ሾፌሩ ያነሳና «አንዴ! አንዴ!» ይላል። ሾፌሩም ይጠብቃል። የሚሮጠው ሰው እያለከለከ ይደርስና ለምስጋና እንኳ ትንፋሽ ሳይተርፈው ዘሎ ይገባል። ያኔ ባሌ ፊሽካውን ይነፋል። ሥራው ቲኬት መሸጥ፣ መሳፈሪያውን መጥረግና ፊሽካ መንፋት ነበር። ሰው መጠበቅን ማንም አላዘዘውም፤ እሱ ራሱ የጨመረው ነው።

ጣቢያችን ትንሽ ናት። ከከተማው መሀል ተነስቶ ወደ ዳር ሰፈሮች የሚወጣው ባቡር ከመጨረሻው በፊት የሚቆምባት ናት። ሁለት ሐዲድ አላት፣ ግራና ቀኝ የሲሚንቶ መሳፈሪያ፣ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው መነጋገር የሚከለክል አንድ መጠበቂያ ክፍል፣ የቲኬት መስኮት፣ ከመስኮቱ ጀርባ ደግሞ የእኛ ቤት። ቤት ካሉት ነው እንግዲህ፤ አንድ ክፍልና ማብሰያ። ባቡር ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ያወራሉ። ያገባሁ ሰሞን እንቅልፍ ይነሱኝ ነበር። በኋላ ግን ባቡሩ ዘግይቶ ብርጭቆዎቹ ዝም ሲሉ ነው የምባንነው።

ባሌ የባቡር ሥራ የጀመረው በአካፋ ነው። ባቡሩ የመንግሥት በነበረበት ዘመን ከሐዲዱ ሥር ድንጋይ ሲጠቀጥቁ ከሚውሉት ሰዎች አንዱ ነበር። አንድ ቀን ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም እንጨት ተንሸራቶ ግራ ትከሻው ላይ ወደቀበት። አጥንቱ ተጠግኖም ትከሻው ዝቅ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አካፋ አይሆንህም ብለው እዚህች ጣቢያ፣ መስኮቱ ኋላ አስቀመጡት። «ድንጋይ መቁጠር ትቼ ሰው መቁጠር ጀመርኩ፤ ድንጋይ ይሻል ነበር፣ አይጨቀጭቅም» ይላል። ውሸቱን ነው። ሰው ይወዳል።

እኔን ያገኘኝ እዚያው መስኮት ላይ ነው። እናቴ ስትሞት አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ገና ጥርስ ያወጣል። አባቴ በየመንገድ ሥራው ስለሚዞር ቤት የሚውል ሰው አልነበረም። «አንዷ ትቅርና አንዱ ይማር» አለ። አንዷ እኔ ነበርኩ። ደብተሬን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቼ ወንድሜን አዘልኩ። ከጀርባዬ ሲወርድ ደግሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። ትምህርት ቤቱ በባቡር ነው የሚኬደው። ጠዋት ጠዋት እጁን ይዤ ወደ ጣቢያዋ እወስደዋለሁ። የፊት ለፊቱ መግቢያ ጠባብ ነው፤ ሰው ሲገፋፋ ልጁ ከሰው ጉልበት በታች ይዋጣል።

አንድ ቀን ያ ትከሻው ያዘነበለ ቲኬት ሻጭ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ልጁን አታስረግጪው! በዚህ በኩል ዙሪ» አለኝ። ከመጋዘኑ አጠገብ ዕቃ የሚገባባት አንዲት የብረት በር ነበረች። ከፈተልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ትምህርቱን እስኪጨርስ የገባውም የወጣውም በዚያች በር ነው። እኔም በዚያች በር ገብቼ ቀረሁ። ሰዎች እንዴት ተጋባችሁ ሲሉን ባሌ፣ «ያለ ቲኬት ስትገባ ያዝኳት» ነው የሚለው።

የራሳችን ልጅ አልመጣልንም። ልጃችን ወንድሜ ነበር። አባታችን ካለፈ በኋላ ጠቅልሎ እኛ ጋ ገባ። መኝታው ከቲኬት መስኮቱ ሥር ነው፤ ጠዋት የመጀመሪያው ተሳፋሪ ሳንቲሙን ሲያንኳኳ እሱ ይነቃል። እኔ ማሙሽ እለው ነበር፤ ጺም አውጥቶም፣ ከረባት አስሮም ማሙሽ ነው። እሱ እኔን እታለም፣ ባሌን ጋሼ ይለናል። ጋሼ ይበለው እንጂ አንተ ነው የሚለው፤ እንደ አባትም እንደ ጓደኛም። ባሌ ያን «አንተ» ይወደው ነበር። «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ሳይፈራኝ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነው» ይላል፤ ማንም ፈርቶት ባያውቅም።

ወንድሜ ኮሌጅ በጨረሰ ዓመት ከተማው የዳር ዳሩን ባቡር በሙሉ ለአንድ የግል ኩባንያ ሰጠ ተባለ። ከሁሉ በፊት የመጣው ቀለም ነው። ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጡና መጠበቂያውን ክፍል፣ አጥሩን፣ የመብራቱን ምሰሶ ሳይቀር ሰማያዊ ቀቡት። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ባሌ ደስ ብሎት፣ «ሙሽራ መሰለች እኮ» አለ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ ነበር። «ጋሽ አንዴ፣ ሬሳም እኮ ከመውጣቱ በፊት ይታጠባል» አለው።

«ምላስህን በመርፌህ ብትሰፋት ምን ነበረበት!»

«ክር ተወደደ።»

ተሳሳቁ። ያን ቀን እኔም ስቄያለሁ።

ለባሌ አዲስ ዩኒፎርም ሰጡት። ኮቱ ሰፍቶት ነበርና ልብስ ሰፊው አጠበበለት፤ የተጎዳው ትከሻ እንዳይታይ ውስጡን በስፖንጅ ሞልቶ ቀና አደረገለት። ኮቱን ሲለብስ ትከሻው እኩል፣ ሲያወልቅ ደግሞ ያው ድሮው ሰውዬ። ባሌ ይህንን ኮት ለብሶ የድሮ አለቃውን ደጅ ሲጠና ሰነበተና ወንድሜን ኩባንያው ውስጥ አስገባው። ወንድሜ ጎበዝ ነው፤ ይህንን አልክድም። ብዙም ሳይቆይ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ የመስመራችን ጣቢያዎች በሙሉ በእሱ ሥር ናቸው። ባሌ የራሱ ልጅ አለቃው ሲሆንበት ደስታው ወሰን አልነበረውም። ፊሽካውን እንኳ ረዘም አድርጎ መንፋት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ካርድ ሲያስነኩት ጢጥ ብሎ የሚከፈት የብረት በር ነው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ብዙ ተተከለላቸው፤ ለእኛ አንድ ብቻ። ባቡሩ ደግሞ እንደ ድሮው አይጠብቅም፤ ሾፌር ከዘገየ ይቀጣል። ባሌ እጁን ቢያነሳ ሾፌሮቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጨክነው አይደለም፣ ፈርተው ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ባሌ ደንብ አክብሮ የጎኑን በር ዘጋ። ጠዋት ሰልፉ እስከ መንገዱ ድረስ ይሄዳል። ተረኛዋ ነርስ፣ ተማሪው፣ ግንበኛው ሁሉ በዚያች አንዲት ማሽን አንድ በአንድ። አንድ ቀን አትክልት ሻጯ ካርዷን አስነክታ ስትገባ በሩ ተመልሶ ቅርጫቷን ነከሰው። እሷ ከወዲህ ትጎትታለች፣ ማሽኑ ከወዲያ።

«ልቀቅ አንተ!» ትለዋለች ብረቱን። «ልቀቅ ብዬሃለሁ! ከፍዬሃለሁ እኮ! ባሌ እንኳ እንዲህ ይዞኝ አያውቅም!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ባቡሩ ግን እሷን ከነቅርጫቷ፣ ከኋላዋ ያለውንም ሰልፍ በሙሉ ትቶ ሄደ። ነርሷ አለቀሰች፤ ያን ሳምንት ስትዘገይ ሁለተኛዋ ነበር።

የእኛ ሰፈር ሰው አብዛኛው የወር ካርድ ነው የሚይዘው። ወሩ ሲጀምር ከፍሏል፤ ማሽኑን ቢነካም ባይነካም የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። ባሌ ይህ ነገር ከነከነው። በዚያው ምሽት ወንድሜ እኛ ጋ ሊበላ መጥቶ ነበር።

«ማሙሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው፤ ዳቦውን እየቆረሰ። «የጎኑን በር ብከፍተው ጥፋት ነው?»

«ለማን ጋሼ?»

«የወር ካርድ ላላቸው። ከፍለዋል እኮ።»

«ከከፈሉማ ምን ጣጣ አለው። ክፈተዋ።»

«ደንቡ ሁሉም በማሽን ይለፍ ይላል።»

«ደንብ አስከባሪው እኔ አይደለሁ እንዴ? የሚጠይቅህ ከመጣ እሱ ፈቅዶልኝ ነው በል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «እኔ ያደግኩባትን በር ልንዘጋትማ አንችልም፣ አይደል እታለም?»

እኔ ተነስቼ ሳህኑ ላይ ድንች ጨመርኩለት። ሌላ ምን አደርጋለሁ፤ ደስ ሲለኝ ሰው ማብላት ነው የማውቀው።

በማግስቱ በሩ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ በጎኑ በር ይጎርፋል። ባሌ በሩን ይዞ ይቆማል፤ ካርድ እያየ፣ «እንዴት አደርሽ፣ እናትሽን ተሻላቸው፣ ፍጠን አንተ» እያለ። ማሽኑ ጋ አልፎ አልፎ እንግዳ ሰው ብቻ ጢጥ ያደርጋል። ማሽኑ የሚያስነካውን ሰው ብቻ እንደሚቆጥር፣ በዚያ ቁጥርም የሚፈርድ እንዳለ ማን ያስባል? እኛ በር አየን፤ እነሱ ቆጣሪ ነበር የተከሉት።

ዓመት አለፈው። አንድ ቀን ከዋናው ቢሮ የመጣ ሰው በባቡር ሲያልፍ የተከፈተውን በር አይቶ ባሌን ገሠጸው። ባሌ ደነገጠ። በዚያው ሳምንት ወንድሜ በጠዋት መጣ። ሰው ወደ ሥራ በሚጎርፍበት ሰዓት መሳፈሪያው ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። በአጠገቡ ሰው በጎኑ በር እንደ ውሃ ያልፋል፤ እሱ ያያል። አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር። ይህንን የማስታውሰው እግሩን ስለሚያይ ነው፤ እኔን ሳይሆን ጫማውን ነበር የሚያየው።

«ማሙሽ፣ ልዝጋው እንዴ?» አለው ባሌ። «ሰውዬው ተቆጥቶ ነው የሄደው።»

ወንድሜ ወደ ሐዲዱ ዞረ። «ተወው ጋሼ። አሁን ብትዘጋው ሰው ይጮሃል። ባለበት ይቆይ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ አለሁ አልኩህ እኮ።»

ሻይ አፍልቼ ነበር። እቸኩላለሁ ብሎ ሳይጠጣ ሄደ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ኩባንያው ሰው የማይበዛባቸውን ጣቢያዎች ሊዘጋ ነው፣ ባቡሩ ሳይቆም እየበረረ ሊያልፍ ነው ተባለ። ልብስ ሰፊው፣ ነርሷና አትክልት ሻጯ ተሰብስበው መስኮቱ ጋ መጡ። አቤቱታ ይዘን ወደ ከተማው እንሂድ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ባሌ ሳቀባቸው።

«በየቱ ሰው ማነስ ነው የእኛ የሚዘጋው? ጠዋት እግር መትከያ የለም! ደግሞስ ተቆጣጣሪው ማነው? በዚህች በር ያሳደግኩት ልጅ አይደል?»

«ሹመት እኮ ዘመድ ያስረሳል ጋሽ አንዴ» አለች አትክልት ሻጯ።

«እሱን እኔ አውቀዋለሁ። አይዘጋም። ቃሌ ነው።»

ቃሌ ነው ሲል ደረቱን መታ። እነሱም ተበተኑ። ባሌ በዚያች ጣቢያ በቆየበት ዘመን ሁሉ ቃሉን አጥፎ አያውቅም፤ ስለዚህ አመኑት። አቤቱታውም ቀረ።

ስብሰባው በመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሆነ። ከኩባንያው መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት መጣች፤ ወንድሜ ከአጠገቧ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የቲኬት መስኮቱ ላይ ስክሪን አስደግፋ የመስመሩን ጣቢያዎች አሳየችን። እያንዳንዷ ጣቢያ የቆመ ዘንግ ናት፤ አንዳንዶቹ ክንድ ያህላሉ፤ የእኛ እንደ ተቆረጠ ጥፍር ከታች ቀርታለች። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ስህተት ነው የመሰለው።

«ይቺ የኛ ናት? እኔና ቅርጫቴ ብቻ ከዚያ እንበልጣለን!» አለች አትክልት ሻጯ።

«እናቴ፣ ማሽኑ የቆጠረው ይህንን ነው» አለች መነጽራሟ። ትሑት ልጅ ናት፤ ጥፋት የለባትም። «ካርድ የሚያስነካ ሰው ከሌለ ተሳፋሪ የለም ማለት ነው። ጣቢያው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አገልግሎት አይሰጥም።»

ክፍሉ ተንጫጫ። ባሌ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ኮቱን ለብሷል። ቀስ ብሎ እጁን አነሳ፤ ያቺኑ ባቡር የሚያቆምባትን እጅ።

«አንዴ፣» አለ። «አንዴ ስሙኝማ። ይሄ ቀላል ነገር ነው። ሰዉ በማሽኑ አይደለም የሚያልፈው፤ በጎኑ በር ነው። ካርድ አላቸው፣ ከፍለዋል፤ እኔ ነኝ የማሳልፋቸው። ተቆጣጣሪው ያውቃል። እሱ ነው የፈቀደልኝ። ማሙሽ፣ ንገራት።»

ሁሉም ወደ ወንድሜ ዞረ። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ የሚያስጨንቀኝ ነገር አልነበረም። አሁን ይነግራታል፣ ነገሩ ይስተካከላል፣ ገብቼ ምሳ አቀርባለሁ እያልኩ ነበር።

ወንድሜ ከረባቱን ነካ። «ደንቡ ግልጽ ነው» አለ። «ማንኛውም ተሳፋሪ በማሽኑ ማለፍ አለበት። ከዚህ ውጪ ለማንም የሰጠሁት ፈቃድ የለም። እርስዎም ይህንን በደንብ ያውቃሉ።»

እርስዎ አለው። ከመስኮቱ ሥር አስተኝቶ ያሳደገውን ሰው፣ እርስዎ።

«ማሙሽ!» አልኩ።

«እናቴ፣ እባክዎ ተራ ይጠብቁ» አለችኝ መነጽራሟ።

ባሌ ወንድሜን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። አፉ ተከፍቶ ነበር፤ የሚናገረው አለው። ምን ብሎ መመለስ እንደሚችል እኔም እሱም እናውቃለን፤ ምሽቱን፣ ዳቦውን፣ አዲሱን ጫማ ሁሉ መቁጠር ይችል ነበር። እጁን አወረደ።

«ልክ ነው» አለ። «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።» ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልጽፈው ደስ ይለኛል። ሰው ሲከፋው የቅርቡን ነው የሚመታው። ኩባንያው ሩቅ ነው፣ ወንድሜ በመኪና ሄዷል፤ ባሌ ግን እዚያው አለ። ልብስ ሰፊው እንኳ፣ ያ ቀልደኛ፣ ሲወጣ ፊቱ ላይ ቆሞ፣ «አንዴ አንዴ ስትል ኖረህ፣ ይኸው ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ አስቀረኸን!» አለው። የሳቀ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ማሽኑን ፈትተው ወሰዱት። የፊቱን መግቢያ በጣውላ መቱት። ከዚያ ባቡሩ መቆም አቆመ። ከሩቅ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ነፋሱ የመሳፈሪያውን ቆሻሻ ያነሳል፣ ያልፋል። ብርጭቆዎቹ ከበፊቱ ይልቅ ይንጫጫሉ፤ አሁን የሚያልፈው በፍጥነት ነዋ። ባሌ በየባቡሩ ሰዓት ወጥቶ አጥሩ ጋ ይቆማል። አንዳንዴ እጁ ሳያውቀው ግማሽ መንገድ ይነሳል። ያኔ እኔ እንዳላይበት ራሱን ያክበታል።

ሰፈሩ አሁን በከተማው በኩል እስከሚቀጥለው ጣቢያ በእግሩ ነው የሚሄደው። ዳገት ነው፤ መኪናው አቧራ ያለብሳል። አትክልት ሻጯ ቅርጫቷን መንገዱ ዳር እያሳረፈች፣ እየተሳደበች ትወጣለች። እኔም ቢሮ ስለማጸዳ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ባሌን ሰላም እንደማይሉት አያለሁ። ባሌ እንዳልናገር አስጠንቅቆኝ ነበር፤ «ወንድምሽ ነው፤ በእኔ ይለፍ» ብሎ። አንድ ጠዋት ግን አልቻልኩም። ልብስ ሰፊው ከጎኔ ነበር፤ እሱም ጨርቅ ሊያመጣ ይሄዳል።

«ፈቅዶለት ነበር እኮ» አልኩት። «ወንድሜ እኔ ፊት ነው የፈቀደለት። ስብሰባው ላይ ካደው።»

ልብስ ሰፊው አልደነቀውም። «እሱንማ ሁላችንም አይተናል» አለኝ። «የወንድምሽን ፊት ያየ ሰው ሊስተው ይችላል እንዴ?»

«ታዲያ ባሌን ለምን ታኮርፉታላችሁ?»

«እታለም፣» አለኝ፤ ወንድሜ ሲጠራኝ ሰምቶ እሱም እንዲሁ ነው የሚለኝ፤ «እሱ ያመነው ወንድምሽን ነው። እኛ ግን ያመንነው እሱን ነው።»

ቀሪውን መንገድ አቧራ እየዋጥን ሄድን።

ወንድሜ የመጣው አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናው ተበላሽቶበት በባቡር መጥቶ፣ ከሚቀጥለው ጣቢያ ቁልቁል በእግሩ ወርዷል። ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ፍራፍሬ በከረጢት ይዟል። ባሌ ቲኬት ክፍሉ ውስጥ የመስኮቱን ማጠፊያ እየጠገነ ነበር። ለማን እንደሚጠግነው አላውቅም።

ክፍላችንን ኩባንያው ሊረከባት እንደሆነ ነገረኝ። «እኔ ቤት ከጓሮ ክፍል አለ። አስጸድቼዋለሁ። ለጋሼም መኪና ማቆሚያ ላይ የጥበቃ ሥራ አግኝቼለታለሁ» አለ፤ እየተጣደፈ፣ በቃሉ እንዳጠና ልጅ።

ድንች እየላጥኩ ነበር፤ አላቆምኩም። «መቼ ነው ያወቅከው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ማሙሽ።»

አጎነበሰ። «መጀመሪያ ክፈተው ስለው ምንም አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው እታለም፣ ከልቤ ነበር። በኋላ ነው ከየመስመራችሁ የሚዘጋ ጣቢያ አቅርቡ የተባልነው። የእኔ መስመር ሁሉም ሙሉ ነው። ይቺ ብቻ በማሽኑ ባዶ ሆነች።»

«ባዶ እንዳልሆነች ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«አዲስ ጫማ አድርገህ የመጣህ ቀን ልዝጋው ሲልህ ተወው ብለኸዋል። ያ ከመባላችሁ በፊት ነው በኋላ?»

ባቡር የሚመጣ ይመስል ወደ መስኮቱ አየ። አልመጣም።

«በኋላ» አለ።

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። በሩን ዘግቶት ቢሆን ኖሮ ሰዉ በማሽኑ ያልፍ ነበር፤ ሰዉ ቢያልፍ ዘንጓ ትረዝም ነበር። ይህንን ለማወቅ አራተኛ ክፍልም ይበቃል።

«እኔ ባላደርገው ሌላ ሰው ያደርገው ነበር» አለኝ።

«ሌላ ሰው ቢያደርገው አይቆጨኝም ነበር።»

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚሉ ሴቶች ሲያጋንኑ ይመስለኝ ነበር። ያጎረሰችው እጅ ስትነከስ ግን፣ እጇን ሳይሆን ያን ሁሉ ጉርሻ ነው የሚያማት።

ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። ግድግዳው ጣውላ ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል። መዶሻውን አስቀመጠና፣ «ሻይ አልሰጠሽውም እንዴ?» አለኝ።

ወንድሜ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።»

«ተቀመጥ። እንጀራህ ነው፣ ታዘህ ነው። ጣቢያውን ተወው፤ የብረትና የሲሚንቶ ነገር ነው።» ባሌ ኮቱን አልለበሰም፤ ትከሻው እንዳዘነበለ ነው። «እኔ አንድ ነገር ነው ያልገባኝ። እዚያ ስብሰባ ላይ እርስዎ አልከኝ። እኔ መቼ ነው እርስዎ የሆንኩብህ?»

ወንድሜ አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ፣ በልጅነቱ ሰልፍ ውስጥ ሲረገጥ እንደሚያለቅሰው። እጄ ወደ ራሱ ሊሄድ ፈለገ፤ በድንቹ ያዝኩት።

ሻይ ቀረበለት። ጠጣ አልጠጣ፣ አላየሁም። ሰማዩ ሲጠቁር ባቡር ሳያመልጠኝ ብሎ ተነሳ። የሚወጣበት ያው የጎኑ በር ብቻ ነው፤ ኩባንያው ሰንሰለትና ቁልፍ አድርጎበት ቁልፉን ለባሌ ትቶለታል። ባሌ ከፊቱ ቀድሞ ሄዶ ከፈተለት፤ ጎንበስ ብሎ፣ በሩን በእጁ ይዞ፣ እንደ ድሮው።

«የሚመጣው እሁድ እመጣለሁ» አለ ወንድሜ።

ዳገቱን መውጣት ጀመረ። ባሌ በሩን ክፍት እንደተወው ነው፤ በሩን ክፍት መተው አመሉ ነው። እኔ ቁልፉን ከእጁ ወሰድኩ። በሩን ገፋሁ፣ ሰንሰለቱን አዞርኩ፣ ቆለፍኩ።

ዝናቡ ያኔ ጀመረ። ከሩቅ የባቡሩ ጡሩምባ ተሰማ፤ ወንድሜ ሊሳፈርበት የነበረው ነው፤ ገና ዳገቱ ግማሽ ላይ ኮቱን ራሱ ላይ አድርጎ ይሮጣል። አይደርስበትም። ባሌ ወደ አጥሩ ሄደ። ባቡሩ ከኩርባው ሲወጣ ቀኝ እጁን አነሳ፤ ግማሽ መንገድ ሳይሆን እስከ ላይ።

«አንዴ!» አለ። «አንዴ!»

ሾፌሩ አየው፤ የድሮ ሰው ነው፣ ያውቀዋል። ጡሩምባውን አንድ ጊዜ ነፋና አለፈ። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ባሌ አሁንም እጁ ከላይ ነው።

«አይቆምም እኮ» አልኩት።

«አዎ፣» አለ፣ «አይቆምም።»

እጁን ይዤ አወረድኩለትና ገባን። ከዚያች ክፍል ስንለቅ የሄድነው ወደ ወንድሜ ጓሮ አይደለም፤ ዳገቱ ላይ፣ የሚቀጥለው ጣቢያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየን። ወንድሜ አንዳንዴ ይደውላል፤ ባሌ ያነጋግረዋል። የጎኑ በር ቁልፍ እኔ ጋ ቀርቷል። ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም።